የስግደት ማግስት

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል የሞቱት በስቅለት ዓርብ ነው። የጥድ አምባ ሚካኤል ሰው ሁሉ ግንባሩን መሬት ላይ እየደፋ ሲሰግድ በዋለበት ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ፣ ወደ ጠበሉ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ሥር በጀርባቸው ተንጋለው ተገኙ። ያገኘቻቸው ወርቅዬ ናት። ጧሪ ስላልነበራቸው በየበዓሉ የምታስባቸው እሷ ነበረች፤ ስግደቱ እንዳበቃ ጉልባን በሳህን ይዛላቸው ስትወርድ አየቻቸው። ጉልባኑ እስከ ማግስቱ ድረስ ደረጃው ላይ ተበትኖ ቆየ፤ ሊጠርገው የደፈረ አልነበረም።

«ወደቁ» ተባለ፤ ሽማግሌ ናቸውና ማንም አልተደነቀም። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በሆሳዕና ለሁሉም አስቀድሞ በተደረገው ተሸኝተው ቅዳሜ ከሰዓት ሊቀበሩ ተወሰነ። ኢንስፔክተር ጸደንያ ከመካነ ሰላም ባትመጣ ኖሮ ነገሩ በዚሁ ባበቃ ነበር።

የመጣችው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መኪናዋ ጭቃ ይዞት ስለቀረ የመጨረሻውን ዳገት በእግሯ ወጣችው። በወጣትነቷ የፖሊስ ክለብ ሯጭ ነበረች። ከዚያ ዘመን የተረፋት አንድ ልማድ ነው፦ ሰው ሲመጣ ከፊቱ በፊት እግሩን ታያለች። ይህ ልማድ ባል አላስገኘላትም፤ ሌባ ግን አስይዟታል።

«ደረጃው ዳጥ ነው» አላት የአካባቢው ፖሊስ ሳጅን አወቀ። «ሽማግሌ፣ ያውም ጾመኛ። ወድቀው ነው።»

ጸደንያ ወደ መሪጌታ ጎጆ ገባች። በሩ ከደረጃው አናት አንድ ርምጃ ነው የሚርቀው። ውስጡ አንድ መደብ፣ አንድ አጎዛ፣ አንድ ማሰሮ። ከመደቡ ራስጌ የመሪጌታ መቋሚያ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

«ያለዚህ ይሄዱ ነበር?»

«ኧረ የት! ያለ መቋሚያቸው ከመደብም አይነሱ።»

«ታዲያ ያለ መቋሚያቸው ደረጃ ሊወርዱ ነው?» ወደ ደጅ ወጥታ ጀርባዋን ለደረጃው ሰጥታ ቆመች። «ሬሳቸውን አይቻለሁ፤ የተሰበሩት ከማጅራታቸው በላይ ነው። ሊወርዱ ሲሉ ቢያድጣቸው ኖሮ ፊታቸው ወይም መቀመጫቸው ነበር የሚጎዳው። እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው፣ እንዲህ ቆመው ነበር። የሚያውቁት ሰው ጠራቸው፣ መቃኑን ተደግፈው ወጡ። ያ ሰው ገፋቸው።»

ሳጅን አወቀ ቆቡን አወለቀ፤ መልሶ አደረገው። «በስቅለት?»

«በስቅለት። በዚህ ሳምንት ከሳቸው ጋር ክፉ የተነጋገረ ማን አለ?»

ሳጅኑ አሰበ። ፈንታሁን የሚባለው ገበሬ ረቡዕ ዕለት ከደጁ አባሯቸዋል። የፈንታሁንን ልጅ ሰርካለምን ከፋሲካ በኋላ ሊያገባ የተዘጋጀው አለምነው፣ ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ መኪና የሚነዳው ሹፌር፣ ሐሙስ ከሳቸው ጋር ሲነጋገር ፊቱ ጠቁሮ ታይቷል። የወርቅዬ ልጅ ዲያቆን ቃለ ክርስቶስ ደግሞ «ትምህርቱን ትቼ ደሴ ልሄድ ነው» ስላላቸው በሆሳዕና በሰው ፊት ረግመውታል።

«ዓርብስ የት ነበሩ?»

«ሦስቱም ስግደት ላይ ነበርን ይላሉ። ግን ነጭ ተከናንቦ የተደፋ ሰው ማን ማን እንደሆነ ማን ያውቃል? እኔ ራሴ አጠገቤ የነበረው ማን እንደሆነ አላውቅም።»

መጀመሪያ ፈንታሁን መጣ፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ የሚያወራው እንደሚጮህ የሆነ ሰው ነው። ሲራመድ እግሩ ደህና ነበር።

«አዎን ተጣልተናል» አለ ገና ሳይጠየቅ። «ድግሱ ተደግሶ፣ ጠሪ ተልኮ፣ እሳቸው መጥተው የአያትህ አባት ማነው፣ ከማን ተወለደ እያሉ ልቤን አደረቁት።»

«ለምን ጠየቁ?»

«ዘር ሊቆጥሩ ነዋ! እስከ ሰባት ቤት ከተገናኙ ጋብቻ የለም። በዚህ አገር ዘር የሚቆጥሩ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸው 'ዘመድ ናቸው' ካሉ ቄሱም አይባርክ፣ ሽማግሌውም አይቀመጥ። ከደጄ ይሂዱልኝ አልኋቸው። አሁን ይቆጨኛል።»

«ስግደቱ እንዴት ነበር? እግርህን አላመመህም?»

ፈንታሁን በጥያቄው ተገረመ። «ደክሞኛል እንጂ እግሬስ ደህና ነው። የተጎዳው ያ የመኪና ልጅ ነው። ዓርብ ማታ ሬሳውን ስናወጣ 'ስግደቱ ጭኔን ቆረጠው' ብሎ ቃሬዛውን እንኳ አልያዘ።»

አለምነው ከጠበሉ በኩል፣ ደረጃውን ሽቅብ እያነከሰ መጣ። ቀኝ ጭኑን በእጁ ደግፎ በየርምጃው ያቃስታል። መልከ መልካም ነው፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ እንዳጣ ሰው ደም ለብሷል።

«ስግደት ነው ኢንስፔክተር። የኛ ሥራ መቀመጥ ነው፣ አለመድሁትም።»

«ሐሙስ ከመሪጌታ ጋር ምን ተነጋገራችሁ?»

«ስለ ሰርጉ ነው። እባርካችኋለሁ አሉኝ።»

«ፊትህ ጠቁሮ ነበር ይላሉ።»

«ጾም ያጠቆረው ፊት ነው።»

አሰናበተችው። ቁልቁል ሲመለስ በዓይኗ ሸኘችው። እስኪሰወርባት ድረስ አየችው።

ቃለ ክርስቶስ የመጣው የመቃብሩን ጉድጓድ ሲቆፍር ውሎ ነው። ረጅም፣ አጥንቱ የወጣ ወጣት ነው። ለመምህሩ ያለቀሰው እንባ ፊቱ ላይ ከአፈር ጋር ደርቋል።

«ዓርብ የት ነበርህ?»

«ስሰግድ።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን።»

«የት ቦታ? ለምን ከሰው ተለየህ?»

ደጋግማ ጠየቀችው። «እሱን አልናገርም» አላት በመጨረሻ። «ሀቁን እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እግዚአብሔር ደሴ ፍርድ ቤት ቀርቦ አይመሰክርልህም» አለችው። ወዲያው በቃሏ አፈረች፤ ግን የተናገሩት አይመለስም።

የፋሲካ ዕለት ጥድ አምባ አንካሳ ሆኖ ነቃ። ትናንት «ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ» ያለው ሁሉ ዛሬ ከመደብ ለመነሳት ሰው ይጠራል። ዶሮው ወጥ ውስጥ ነው፣ ወደ ዶሮው መሄድ ግን ጭንቅ ሆነ። ቁልቁለቱን በጎን የሚወርድ አለ፣ ኋሊት የሚወርድ አለ፣ ካጥር ካጥር እየተያያዘ የሚሄድ አለ። ከመንደሩ መሀል አንድ ሰው ብቻ እንደ ፍየል እየዘለለ ውሃ ሊቀዳ ወረደ። ቃለ ክርስቶስ ነበር።

ሳጅን አወቀ ይህን አየ። ሞኝ አይደለም፤ ጥሩ ዓይን አለው፤ ችግሩ ያየውን ወዲያው ማመኑ ነው። ከውሃው ሳይመለስ እጁን አሰረው።

«ሲሰግድ የዋለ ሰው እንዲህ አይዘልም!» አለ ሕዝቡ ፊት። «ያልሰገደ እሱ ነው። ያልሰገደ ደግሞ መሪጌታ ዘንድ ነበር!»

ሕዝቡም አመነ። የተራገመ መምህር፣ የተረገመ ደቀ መዝሙር፣ ጤነኛ እግር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እስከ ቀትር የወርቅዬ በር በድንጋይ ተደበደበ። ሰኞ ረፋድ ልጁ በመኪና ወደ ደሴ እንዲላክ ተወሰነ።

ወርቅዬ የሄደችው ልጇ ወደታሰረበት ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ነው። ለፋሲካ የጋገረችውን ድፎ ዳቦ በነጠላ ሸፍና አጠገቧ አስቀምጣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከመንደሩ ሰው አብራት የተቀመጠች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ የፈንታሁን እናት አሮጊቷ እማማ አልታዬ።

«አብሽሪ ልጄ» ትላታለች በየመሀሉ። «አብሽሪ።»

ጸደንያ ስትመጣ ወርቅዬ እግሯ ላይ ወደቀች። «ልጄ ታስሮ አልገድፍም። ጾሙ ለኔ አልተፈታም። አንቱ የተማሩ ነዎት፣ እንደው ምን አድርጎ ይገድላል? አባቱን ቀበርሁ፣ እህቱን ቀበርሁ። እሱንም ከወሰዱብኝ በማን እቀበራለሁ?»

ጸደንያ ልታነሳት ሞከረች። አልነሳ አለቻት። በእጇ ያለው ጥርጣሬ ብቻ ነው፣ ጥርጣሬ ደግሞ ሰው አያስፈታም።

«ልጄ ሰው አይነካም» አለች ወርቅዬ መሬቱን እንደያዘች። «ጾሙን ሙሉ ግንባሩ አፈር ለብሶ ነው ወደ ቤት የሚገባ።»

«ጾሙን ሙሉ?»

«ጾሙን ሙሉ። ምን ሆነህ ነው ስለው፣ ዝም።»

ጸደንያ ወደ ሳጅን አወቀ ዞረች። «አንተን እግርህን መቼ ጀመረህ?»

«ዛሬ። ትናንት ደህና ነበርሁ።»

«መውጣት ነው መውረድ የሚያስቸግርህ?»

«መውጣቱንስ እንደምንም። መውረዱ ነው ጉዱ። ጉልበቴ የኔ አይመስለኝም።»

ከዚያ ብቻዋን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ሄደች። ሰው ወደማይደርስበት፣ ጥዶቹ ወደተጠጋጉበት ገባች። ከአንዱ ጥድ ሥር ሣሩ ተፍቆ አልቋል። ሁለት የጉልበት ጎድጓዳ፣ ሁለት የመዳፍ፣ ከፊታቸው ደግሞ ግንባር የሚያህል አንድ ትንሽ ጎድጓዳ አለ። ያ ቦታ በአንድ ቀን ስግደት እንደዚያ አይጎደጉድም። ጸደንያ ተንበርክካ ለካችው፤ ለእሷ ረዘመባት። የረጅም ሰው ቦታ ነበር።

ስትመለስ በፈንታሁን ጓሮ አለፈች። ሰርካለም አጥሩን ተደግፋ ታስመልሳለች። ፖሊሷን ስታይ አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«ዶሮው አልተስማማሽም?»

«አልቀመስሁትም።»

«ሰርጉ ቢቀርስ?»

ልጅቷ ፊቷን አዞረች። «ሞቴ ነው» አለች።

ሰኞ ጠዋት የደሴው መኪና ከመንገዱ ዳር ቆሞ ሳለ ጸደንያ ሁሉንም ወደ ጠበሉ ጠራች። ሦስቱን ሴቶች፣ ወርቅዬን፣ እማማ አልታዬንና ሰርካለምን፣ አስቀድማ ከደረጃው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸው። ወርቅዬ ዳቦዋን እንዳቀፈች ነው። ከዚያ ሦስቱ ወንዶች እንዲወርዱ አዘዘች። ፈንታሁን በግድግዳው እየተያያዘ፣ አለምነው ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ቃለ ክርስቶስ እጁ እንደታሰረ ወረዱ።

እኩሌታ ላይ ሲደርሱ፣ ከላይ የቀረው ሳጅን አወቀ አስቀድመው እንደተነጋገሩት ባዶውን የጠበል ጀሪካን በእግሩ መታው። ጀሪካኑ በደረጃው ላይ እየተንኳኳ፣ እየዘለለ ወረደባቸው። ፈንታሁን ሊሸሽ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ ርምጃውን ስቶ ግድግዳው ላይ ተንጠለጠለ። ቃለ ክርስቶስ ቀለል ብሎ ፈቀቅ አለ። አለምነው ግን የቀረውን ደረጃ በአንድ ዝላይ አልፎ፣ መሬት ላይ በቀኝ እግሩ አረፈ። ማነከስ እንዳለበት ትዝ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው ይሄ?» አለ ፈንታሁን ግድግዳውን እንደያዘ።

«ይቅርታ። ተቀመጡ» አለች ጸደንያ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። «ሳጅን አወቀ ጥሩ ነገር አስተውሏል፤ የሰገደ ሰው እግሩን ያመዋል። የቀረውን እኔ ልጨምርበት። ስትሰግዱ ጡንቻን የሚጎዳው መነሳቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። ገላን ቀስ አድርጎ ወደ መሬት የሚያወርደው የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ነው ሸክሙን የሚይዘው፤ ያን ጊዜ በውስጡ ለዓይን የማይታይ ቁስል ይቆስላል። እኔ በሩጫ ዘመኔ ዳገት ሳይሆን ቁልቁለት ነበር የሚያስለቅሰኝ፤ እሱም በማግስቱ።»

«በማግስቱ» አለ ሳጅን አወቀ ቀስ ብሎ።

«አዎን። ይህ ሕመም ያድራል፤ ከሁሉ የሚከፋውም በሁለተኛው ቀን ነው። ፈንታሁን፣ ቅዳሜ ጠዋት ስጠይቅህ ምን አልኸኝ?»

«ደህና ነኝ አልሁ። እሑድ ነው የገደለኝ።»

«አለምነውን ግን ዓርብ ማታ ጭኑን ቆርጦታል። ሰው ሁሉ ገና ሲደክመው፣ እሱ ቃሬዛ መያዝ አቅቶታል። ቅዳሜ ሽቅብ ሲመጣ ያቃስት ነበር፤ ቁልቁል ሲመለስ ግን እግሩ ቀለል አለው። የእናንተ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ መውጣቱ ይሻላችኋል፣ መውረዱ ነው የሚገድላችሁ። ደግሞስ ስግደት አንድ እግር ለይቶ ያማል?»

አለምነው ላቡን ከግንባሩ ጠረገ። «ሕመም እንደ ሰዉ ነው።»

«ልክ ነው፣ ሰው ማስመሰልም ይችላል፤ እያሰበበት እስካለ ድረስ። ጡንቻ ሲቆስል ግን በውስጡ ያሉት ነርቮች ለአንጎል 'ይህን እግር ቆጥበው' እያሉ ይነግሩታል። አንጎልም ኃይሉን ይቀንሳል፤ ባለቤቱ ሳያዝ ነው። ጉልበቱ የት እንዳለ እንኳ በትክክል አይታወቀውም። ፈንታሁን ሲደነግጥ ደረጃውን የሳተው ለዚህ ነው። አንተ ስትደነግጥ ግን እግርህ እውነቱን ተናገረ።»

«ታዲያ ይህኛውስ?» ሳጅን አወቀ ወደ ቃለ ክርስቶስ ጠቆመ። «እሱንም አያመውም እኮ!»

«ፈንታሁን፣ እርሻ ስትጀምር የመጀመሪያው ቀን ማግስት እንዴት ነህ?»

«አልነሳም።»

«ሳምንት ካረስህ በኋላስ?»

«ኧረ አይታወቀኝም።»

«ይኸው ነው። ጡንቻውም ይለምዳል፣ ጡንቻውን የሚያዘው ነርቭም ይማራል። ይህ ልጅ ጾሙን ሙሉ ከጥዶቹ ሥር ብቻውን ሲሰግድ ነው የከረመው፤ ቦታው ጉልበቱንና ግንባሩን ይዞ ጎድጉዷል፣ ሄዳችሁ እዩት። የስቅለት ስግደት ለእሱ እንደማንኛውም ቀን ነው። ለምን እንደሰገደ አልጠይቀውም። ንስሐ ለሰው አይነገርም፤ እሱም አልተናገረ። ሊታሰርበት እንኳ አልተናገረ።»

ወርቅዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቃለ ክርስቶስ መሬት መሬት ያያል።

«እኔም ለምጄ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ አለምነው።

«ከለመድህ ለምን አነከስህ?»

ጸደንያ ወደ ሰርካለም ዞራ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሐሙስ ማታ አለምነው ምን ነገረሽ?»

ሰርካለም አባቷን አየች፣ እጮኛዋን አየች። «የኔታ ሰርጋችንን ሊያፈርሱት ነው አለኝ። ሆዴ ሳይታይ መጋባት ነበረብን። ሌላ አላውቅም። ዓርብ ሲሞቱ... አላውቅም አልሁ ለራሴ።»

ፈንታሁን ከተቀመጠበት ሊነሳ ሞከረ፤ እግሩ እምቢ አለው።

አለምነው ያን ጊዜ ፈረሰ። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ሐሙስ 'ዘመድ ሳትሆኑ አትቀሩም' አሉኝ። ዓርብ ከስግደቱ ሾልኬ ወረድሁ፣ እንደገና ልለምናቸው። አልገደልሁም፣ ልለምን ነው የሄድሁ! 'ልጄ ስማ' ብለው እጄን ያዙኝ። የሚሉትን መስማት ፈራሁ። ገፋኋቸው። ከዚያ ወጥቼ ሰው መሀል ተደፋሁ።»

ያን ጊዜ እማማ አልታዬ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ስማ ያሉህ ይኸን ሊነግሩህ ነበራ» አሉ። «ሐሙስ ሕፅበተ እግር ሲያበቃ ወደ እኔ መጡ። የባሌ አያት የማን ልጅ ነው አሉኝ። እናቱ ይዛው የገባች የእንጀራ ልጅ ነው፣ ከአለምነው ጋር ከሚያገናኛቸው ከዚያ ቤት አንዲት ጠብታ ደም የለውም አልኋቸው። 'ተመስገን፣ ልጁን አስጨንቄው ነበር' አሉ። 'ነገ እነግረዋለሁ። እኔው ራሴ እባርካቸዋለሁ' አሉ።»

አለምነው ቀና ብሎ አሮጊቷን አያቸው። ቅዳሜ ዕለት ለጸደንያ የዋሸው ውሸት እውነት ነበር። ከአፉ የወጣው ድምፅ ልቅሶ ይሁን ሌላ ነገር የሰማው ሁሉ አልለየውም።

«እማማ» አለች ጸደንያ። «ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ?»

ጸደንያ አንገቷን ደፋች። ያን ሁሉ እግር ስታይ እኚህን ሴት ትናንት አልፋቸው ሄዳ ነበር።

ከቃለ ክርስቶስ እጅ የወለቀው ካቴና ለአለምነው ገባ። አለምነው ደረጃውን ሽቅብ ሲወጣ አላነከሰም። የደሴው መኪና እሱን ይዞ ሄደ። ፈንታሁን ልጁን ሳያይ፣ በግድግዳው እየተያያዘ ብቻውን ወጣ።

ወርቅዬ ልጇን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ነጠላውን ገልጣ ዳቦውን ባረከችና ቆረሰች። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለልጇ የምትሰጥ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ተነሥታ፣ ማንም ወዳልቀረባት፣ ከድንጋዩ ላይ ብቻዋን ወደቀረችው ሰርካለም ሄደች።

«እንኪ ልጄ፣ ግደፊ» አለቻት። «ሁለት ነፍስ ነሽ።»